በምግብ ላይ ስለሚጨመር ነገርና መንግሥታት ስለሚያደርጉት ቁጥጥር

በድሬዳዋ ለገጠር ቀበሌ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ እርከን ሥራ አይደለም። ምርታችሁ ከማሳ ከወጣ በኋላ በወፍጮ ቤት፣ በወተት ዕቃ፣ በፍራፍሬ ሣጥንና በበርበሬ ጆንያ ውስጥ ስለሚጨመርበት ነገር ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁት አንዲት እናት ያቀረቡልኝን ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ አፍ ደጋግሜ ስለ ሰማሁት ነው። እኒህ እናት ደረቅ በርበሬ ገዝተው፣ ቀንጥሰውና አስፈጭተው ቀፊራ ገበያ የሚሸጡ ናቸው። ጥያቄያቸው እንዲህ የሚል ነበር፤ «ፋብሪካው በለስላሳ መጠጡ፣ በከረሜላውና በብስኩቱ ላይ ቀለም ሲጨምር መንግሥት ፈቃድ ይሰጠዋል። እኔ በርበሬዬ ደመቅ እንዲል ነጋዴ ያመጣልኝን ቀይ ዱቄት ጥቂት ብጨምርበት ግን ወንጀለኛ እባላለሁ። ለሀብታም የተፈቀደው ለድኻ የሚከለከለው ለምንድን ነው?»

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱ ግን በሀብታምና በድኻ ላይ የሚያርፍ አይደለም። ለፋብሪካው የተፈቀደለት ቀለም ስሙ የታወቀ፣ አስቀድሞ የተመረመረ፣ በየትኛው ምግብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ የተወሰነ፣ መግባቱም በማሸጊያው ላይ ለገዥው የሚነገር ነው። በብጣሽ ላስቲክ ተቋጥሮ የሚመጣው ቀይ ዱቄት ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አያሟላም። ምን እንደ ሆነ ሻጩም አያውቀውም፤ ገዥውም አይነገረውም። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ነገር ግን «መርማሪው ማን ነው? መጠኑስ እንዴት ይወሰናል? ቁጥጥሩ እኛ ዘንድ ይደርሳልን?» የሚለው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ከሥሩ ጀምሬ አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን እንለይ። የምግብ ጭማሪ የሚባለው ምግቡ እንዳይበላሽ፣ መልክ ወይም ጣዕም እንዲኖረው፣ ወይም የጎደለው ነገር እንዲሟላለት ታስቦ በፈቃድና በመጠን የሚገባ ነው። በካይ የሚባለው ማንም ሳይፈልገው የሚገባ ነው፤ በሚገባ ሳይደርቅ በተከማቸ ለውዝና በቆሎ ላይ ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ዋና ምሳሌ ነው። ሦስተኛው ባዕድ ነገር የምንለው ነው። ይኸውም ሚዛን እንዲያነሣ ወይም መልክ እንዲያሳምር ተብሎ ገዥን ለማታለል የሚደባለቅ ነው። ጀሶ ወይም ሰጋቱራ ስለ ተቀላቀለበት እንጀራ፣ ሙዝ ስለ ተደባለቀበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት ስለ ገባበት በርበሬ በዜና ደጋግመን የሰማነው ከዚህ ወገን ነው። ሰው ሦስቱን አንድ አድርጎ «ኬሚካል» ይላቸዋል፤ መንግሥት ግን ሦስቱንም በተለያየ መንገድ ይይዛቸዋል። ለመጀመሪያው መጠን ይወስንለታል፤ ሁለተኛው ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ ሦስተኛውን ፈጽሞ ይከለክላል።

ከተማችን ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የምድር ባቡሩ እዚህ በደረሰበት በ1895 ዓ.ም. መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህም እ.ኤ.አ. 1902 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዋሽንግተን ከተማ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የኬሚስትሪ ክፍል ኀላፊ የነበረው ሃርቪ ዋይሊ አንድ ያልተለመደ ሥራ ጀመረ። በመሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት የመመገቢያ ክፍል አዘጋጅቶ፣ 12 ፈቃደኛ ወጣቶችን በነፃ እየቀለበ፣ በምግባቸው ውስጥ በዘመኑ ነጋዴዎች የሚጠቀሙባቸውን የማቆያ ኬሚካሎች በልክ ይጨምርላቸው ነበር። መጀመሪያ ቦራክስ፣ ኋላም እንደ ፎርማሊን ያሉትን ሞከረ። በዚያን ጊዜ ወተት እንዳይበላሽ ፎርማሊን፣ ሥጋና ቅቤ እንዳይሸት ቦራክስ መጨመር የተለመደ ነበርና ነው። ወጣቶቹ ምግብ እየዘጋቸው፣ ሆዳቸውንና ራሳቸውን እያመማቸው መሄዱ ተመዘገበ፤ ጋዜጦችም «የመርዝ ጓድ» ብለው ሰየሟቸው። ከዚህ በኋላ በ1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስለ ንጹሕ ምግብና መድኃኒት የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሕግ አወጣች። ይህን ታሪክ የማነሣው ሥራው የተጀመረው በእርሻ መሥሪያ ቤት መሆኑን እንድታስተውሉ ነው። የምግብ ደኅንነት የሐኪም ጉዳይ ብቻ ነው የሚል የልማት ሠራተኛ ካለ ይህን ያስብ።

የ1906ቱ ሕግ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። አንድ ነገር ጎጂ መሆኑን ማስረዳት ያለበት መንግሥት ነበር። ነጋዴው እንደ ልቡ ሲጨምር ይኖራል፤ ሰው ከታመመ በኋላ መንግሥት ማስረጃ ይፈልጋል። ይህ የተለወጠው በ1958 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በምግብ ላይ መጨመር የሚፈልግ ሁሉ ገበያ ከማውጣቱ በፊት ጉዳት የሌለው መሆኑን ራሱ ማስረዳት ግዴታው ሆነ። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ከተደነገገው ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። የማስረዳቱ ሸክም ከበላተኛው ጫንቃ ወርዶ በሻጩ ላይ ተጫነ ማለት ነውና። በበርበሬ ላይ ለሚገባው ስም የለሽ ዱቄትም የሚሠራው ይኸው ነው። «ጎጂ መሆኑን አሳየኝ» ማለት የሻጩ መብት አይደለም፤ «ደኅና መሆኑን አሳይ» ማለት የገዥው መብት ነው።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ሥርዓት ተከተለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በ1956 እ.ኤ.አ. የጋራ የሊቃውንት ጉባኤ አቋቁመው የምግብ ጭማሪዎችን አንድ በአንድ ማስመርመር ጀመሩ። በ1963 ደግሞ ኮዴክስ አሊመንታሪየስ የተባለው የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኢትዮጵያም ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። በማሸጊያ ላይ «ኢ» የሚል ፊደልና ቁጥር አይታችሁ «ይህ መርዝ ነው» የምትሉ አላችሁ። ቁጥሩ የሚያመለክተው ነገሩ በአውሮፓ ተመርምሮ በዝርዝር ውስጥ የገባ መሆኑን ነው። ኢ 100 ከእርድ የሚወጣ ቢጫ ነው፤ ኢ 160ሲ ከቀይ በርበሬ የሚጨመቅ ቀለም ነው፤ ኢ 414 በሱማሌ ክልል ቆላዎች ከግራር እየተለቀመ ወደ ውጭ የሚላከው ሙጫ ነው። እንግዲህ ከእነዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከእኛው ምድር ሊወጣ እንደሚችል ተመልከቱ። ቁጥር ያለው ሁሉ ለዘላለም የተፈቀደ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን መጠን እንዴት እንደሚወሰን ላስረዳ። ሊቃውንቱ ነገሩን ለአይጥና ለሌሎች እንስሳት በተለያየ መጠን ለረጅም ጊዜ እያበሉ ይከታተላሉ። ምንም ጉዳት ያልታየበትን ከፍተኛውን መጠን ይይዙና ለ100 ያካፍሉታል። 100 የሆነበት ምክንያት ሰው ከእንስሳው 10 እጥፍ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ከሰውም መካከል ሕፃኑና በሽተኛው ከጤነኛው ጎልማሳ 10 እጥፍ ስስ ሊሆኑ ይችላሉ ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። አሥር ጊዜ አሥር መቶ ይሆናል። የተገኘውም ውጤት አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም የሚባል ልክ ይሆናል፤ የሚለካውም በሰውነት ክብደት ነው። ስለዚህ ለአባት ያልከበደው ለልጅ ሊከብድ ይችላል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንይ። በለስላሳ መጠጥና በሾርባ ማጣፈጫ ውስጥ ሻጋታን ለመከላከል ሶዲየም ቤንዞኤት የሚባል ይጨመራል። የዓለም አቀፉ ጉባኤ ለረጅም ዘመን የወሰነው ልክ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 5 ሚሊ ግራም ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. በአዲስ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ወደ 20 ከፍ አደረገው። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን በ2016 ባደረጉት ግምገማ በ5 ላይ ጸንተዋል። ኮዴክስ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ በኪሎ እስከ 250 ሚሊ ግራም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ አንድ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ እስከ 125 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአዲሱ ልክ 300 ሚሊ ግራም ድረስ ይችላል፤ በአውሮፓው ልክ ግን 75 ብቻ ነው። ያ ጠርሙስ የመጨረሻውን ልክ የያዘ ከሆነ በአንደኛው ዳኛ ፊት ነፃ ነው፤ በሌላው ፊት ልኩን አልፏል። ሁለቱም የተማሩ ናቸው። እንዲህ ያለውን ልዩነት መደበቅ አያስፈልግም። ለልጃችሁ በየቀኑ ለስላሳ ከመስጠት ወተት መስጠት ይሻላል ለማለት ግን የሊቃውንት ጉባኤ የሚያሻን አይመስለኝም።

ልኩ እንደሚለወጥ ሁሉ ፈቃዱም ይሻራል። ቀይ ቁጥር 3 የሚባለውን ቀለም አሜሪካ በ1990 እ.ኤ.አ. ከኩልና ከከንፈር ቀለም ከለከለችው፤ በብዙ መጠን የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ዕጢ ስለ ወጣባቸው ነው። ከምግብ የከለከለችው ግን በጥር ወር 2025 ነው፤ ለፋብሪካዎችም እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጠች። ከከንፈር ላይ የተከለከለው ከረሜላ ላይ 35 ዓመት ቆየ ማለት ነው። ፋይል የሚዘገየው በእኛ አገር ብቻ ነው የምትሉ ይህን ያዙልኝ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዋናው ሕግ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በዚህም መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከውጭ የሚገባውንና በፋብሪካ የሚመረተውን ምግብ ይቆጣጠራል፤ ሱቁን፣ ሆቴሉንና የመንደር ወፍጮውን የሚቆጣጠሩት ደግሞ የየክልሉና የከተማ መስተዳድሩ የጤና ተቆጣጣሪዎች ናቸው። ባዕድ ነገር ቀላቅሎ መሸጥ በወንጀልም ያስቀጣል።

መንግሥት የሚከለክል ብቻ ሳይሆን ጨምሩ ብሎ የሚያዝም መሆኑን ለማየት ከጨው የተሻለ ምሳሌ የለም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በፊት አብዛኛው የምንበላው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ በኩል የሚመጣ ነበር፤ አዮዲንም ይጨመርበት ነበር። ድንበሩ ከተዘጋ በኋላ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን። ከጎረቤታችን ከአፋር ሐይቅ እየደረቀ የሚመጣው ጨው ለጣዕሙ እንከን የለውም፤ አዮዲን ግን አይጨመርበትም ነበር። በጎርፍና በዝናብ አፈሩ በታጠበ ደጋ ላይ የሚበቅል እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ውጤቱን አንገት ላይ የሚታይ እንቅርት ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ተሳስቷል። እርጉዝ ሴት አዮዲን ካነሳት የሚጎዳው የፅንሱ አእምሮ ነው፤ ልጁ ሲወለድ አይታወቅም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ይታወቃል። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የቤት ለቤት ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው በደንብ ቁጥር 204 አዘዘ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ከመቶ ቤት 89 ደረሰ።

ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ጨው አዮዲን «አለው» ማለትና «በቂ አለው» ማለት ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በማምረቻው ላይ በአንድ ኪሎ ጨው ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም፣ ቤት ሲደርስም ከ15 የማያንስ እንዲኖር ይመክራል። በዚያው ዘመን ናሙናው በላቦራቶሪ ሲለካ በቂ የያዘው ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከፊሉ ሲደባለቅ እኩል ባለመዳረሱ ነው፤ ከፊሉ በመንገድና በሱቅ፣ በፀሐይና በእርጥበት በመባከኑ ነው። መጨመር ቀላል ነው፤ ለክቶ ማዳረስ ግን ሙያ ይጠይቃል። ጨው ስትገዙ አምራቹ የተጻፈበትን እሽግ ምረጡ፤ በክዳን ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ለከብት የሚሰጠውን ጥሬ ጨው ለቤተ ሰብ አታድርጉት።

በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቪታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። በዱቄቱ ከሚገባው አንዱ ፎሊክ አሲድ ነው፤ የእናቲቱ አካል በፅንሱ መጀመሪያ ሳምንታት ይህ ከጎደለው የልጁ አከርካሪ በሚገባ ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። ማሽላ ብቻ የምትፈጩ ግን ይህ ዱቄት በራሱ ደጃችሁ አይደርስምና ለነፍሰ ጡር ሴት የጤና ጣቢያውን እንክብል መዘንጋት አይገባም።

እስካሁን የነገርኋችሁ ሁሉ የሚሠራው በር ባለው ቦታ ነው፤ በፋብሪካ በር፣ በጉምሩክ በር። በቀፊራ መሬት ላይ በኬሻ የሚዘረጋው፣ በጀሪካን የሚመጣው፣ በሌሊት በኮንትሮባንድ የሚያልፈው በር የለውም። በማናነበው ቋንቋ የተጻፈበት ከረሜላና ዱቄት በየሱቁ የሚታየውም ስለዚህ ነው። ተቆጣጣሪው ጎበዝ ቢሆን እንኳ ጆንያ ሁሉ ፈትቶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ሳይታሸግ በሚሸጥ ምርት ላይ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ እናንተ ናችሁ፤ ከገጠር የሚመጣው ምርት ደግሞ አብዛኛው ሳይታሸግ የሚሸጥ ነው።

ከበርበሬ ልጀምር። ሱዳን 1 የሚባል ቀይ ቀለም አለ፤ ስሙ እንዲህ ይባል እንጂ ከጎረቤታችን አገር የመጣ አይደለም። ለሰምና ለጫማ ቀለም የተሠራ ነው፤ በእንስሳት ላይ ሲሞከር ዕጢ አምጥቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከሕንድ በመጣ በርበሬ ላይ ተገኘ። የአውሮፓ አገሮችም ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የሚገባ በርበሬ ከዚህ ቀለም ነፃ መሆኑ በላቦራቶሪ የተመሰከረ እንዲሆን ደነገጉ። በ2005 ግን ቀድሞ የገባ አንድ የበርበሬ ዱቄት በአንድ ማጣፈጫ ውስጥ፣ ማጣፈጫውም በሌሎች ምግቦች ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ በእንግሊዝ አገር ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከሱቅ ተነሡ። የጥቂት ሰዎች ጆንያ እጁን በቀለም ያልነከረውን ገበሬ ሁሉ የምርመራ ዋጋ አስከፈለው።

በርበሬን ለመፈተን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በብርጭቆ ውኃ ላይ ጥቂት ዱቄት ነስንሱ። ወዲያው ቀይ ክር እየዘረጋ የሚወርድ ከሆነ በውኃ የሚሟሟ ቀለም ገብቶበታል፤ ከሥር ከባድ ደለል ከተኛ የሸክላ ዱቄት ወይም አፈር ነው። ነገር ግን አትታለሉ፤ ሱዳን የተባለው ቀለም የሚሟሟው በዘይት ነው እንጂ በውኃ አይደለም፤ የበርበሬው የራሱ ቅላትም እንዲሁ በዘይት ይሟሟል። ስለዚህ ውኃው ጥሩ መሰለ ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ ያን የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ደማቅ በርበሬ የሚፈልግ ቀለም አይፈልግም። በሙሉ የቀላውን ብቻ ይልቀም፤ መሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ መሰል መደብ ላይ አስጥቶ ያድርቅ፤ የደረቀውን ብርሃን በማይገባበት ደረቅ ቤት ያኑር። ቅላቱን የሚያጠፋው ብርሃንና ሙቀት ነው። ሳይፈጭ የተቀመጠ በርበሬም ከተፈጨው ይልቅ መልኩን ይጠብቃል።

ፍራፍሬ ላይ ደግሞ ካርባይድ መጣብን። ማንጎና ሙዝ ቶሎ እንዲበስል ለብየዳ የሚያገለግለውን ካልሲየም ካርባይድ በጨርቅ ቋጥሮ በሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ በብዙ አገር ተለምዷል። ካርባይዱ እርጥበት ሲነካው አሲቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙም ፍሬውን ቢጫ ያደርገዋል። ነገር ግን ለብየዳ የተሠራ ነውና አርሴኒክና ፎስፈረስ የተባሉ መርዞች ቅሪት ይኖርበታል። ሕንድ በዚህ ምክንያት በሕግ ከልክላዋለች። እንዲህ የበሰለ ማንጎ ከላይ ቢጫ፣ ከውስጥ ኮምጣጣ ሆኖ ይገኛል፤ ገዥው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ አይመለስም። ዘዴው በእጃችሁ አለ። በሚገባ የጎለመሰውን ብቻ ቅጠፉ፤ ከመካከሉ ጥቂት ብስል ሙዝ ጨምራችሁ በክዳን ሣጥን ወይም በወፍራም ካኪ ወረቀት ሸፍኑት። ብስሉ ፍሬ ከራሱ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ጥሬውን ያበስለዋል። ሁለት ሦስት ቀን ይዘገያል፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ስለ ወተት ስናገር ተጠንቅቄ ነው። ከሽንሌ በኩል የግመል ወተት የሚያመጡት እናቶች ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ ማጠናቸው የቆየ ጥበብ ነው፤ የግመል ወተትም ከላም ወተት ይልቅ በራሱ ይቆያል። የሚያሰጋኝ እንዳይኮመጥጥ ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወይም ፎርማሊን የሚጨምር ሰው ነው። ፎርማሊን አስከሬን የሚጠበቅበት ነው፤ ስለ እርሱ ክርክር የለም። ፐሮክሳይድን በተመለከተ ግን ብልኆች «ኮዴክስ ፈቅዶት የለምን?» ብለው ይጠይቁኛል። ኮዴክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር ለአንድ ሊትር ወተት 14 ሚሊ ግራም ቲዮሳያኔትና 30 ሚሊ ግራም ሶዲየም ፐርካርቦኔት በታለበ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ በመጨመር፣ በወተቱ ውስጥ ያለውን የተፈጥሮ መከላከያ ማንቃት እንደሚቻል ያስረዳል። በ30 ዲግሪ ሙቀት ሰባት ስምንት ሰዓት ያቆያል። ይህን የሚያደርገው ግን በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ የሠለጠነ ሰው ነው፤ 30 ሚሊ ግራም ማለት በጣት ጫፍ የሚቆነጠር እንኳ የማይሆን ነው። በቆርኪ ለክቶ የሚያፈስ ሰው መመሪያውን ጠቅሶ ሊከራከር አይችልም። ለእኛ የሚሆነው በንጹሕ እጅ ማለብ፣ በሚታጠብ የብረት ዕቃ መያዝ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ማጓጓዝ ነው።

ለልማት ሠራተኞች አንድ ነገር ልጨምር። «ለምግብ ቀለም የሚሆን ተክል እናልማ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ከፈቃዱ በፊት ተባዩን ጠይቁ። ካርሚን የሚባለው ቀይ ቀለም፣ ኢ 120፣ የሚገኘው በቁልቋል በለስ ላይ ከሚኖር ኮቺኒል ከሚባል ነፍሳት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከመቶ ሺህ በላይ ነፍሳት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህ ነፍሳት ገቢ ያስገኛል ተብሎ ወደ ትግራይ ገባ። ሥራው እንደታሰበው አልቀጠለም፤ ነፍሳቱ ግን ከልኩ ወጥቶ በደቡብ ትግራይ የድኻውን ምግብና የከብቱን መኖ የሆነውን በለስ አደረቀ። ቀለሙ በዓለም ገበያ የተፈቀደ ነው፤ አሜሪካ እንኳ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያስገደደችው በአንዳንድ ሰው ላይ የአለርጂ ሕመም ስለሚያስነሣ ስሙ በግልጽ እንዲጻፍ ብቻ ነው። ለምግብ ደኅና የሆነው ለማሳ ደኅና ላይሆን ይችላል። በሐረርጌም በለስ የሚለቅሙና ድሬዳዋ አምጥተው የሚሸጡ ስላሉ ይህን በመዝገባችሁ ያዙት።

እንግዲህ ነጋዴ ማቆያ ነው፣ ማድመቂያ ነው፣ ማብሰያ ነው ብሎ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ሲያመጣላችሁ ስሙን፣ አምራቹንና አድራሻውን፣ ለየትኛው ምግብ በምን ያህል መጠን እንደ ተፈቀደ፣ የሚያልፍበትን ቀን ጠይቁ። በጽሑፍ ካላሳየ አትግዙት። አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነ አትድፉት፤ ከነማሸጊያው በንጹሕ ጠርሙስ ከድናችሁ፣ ማን መቼ እንደ ሸጠው ጽፋችሁ ለልማት ሠራተኛው አስረክቡ። ልማት ሠራተኛውም ቀበሌው ውስጥ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለከተማው የጤና ተቆጣጣሪ ያድርስ። በባለሥልጣኑ ነፃ የስልክ መስመር 8482 ደውሎ ማመልከትም ይቻላል። በኅብረት የምትሸጡ ደግሞ በየጆንያው ላይ የማኅበሩን ስም፣ የቀበሌውንና የተፈጨበትን ቀን ጻፉ፤ ከየጆንያው አንድ አንድ ማንኪያ በብልቃጥ አስቀሩ። ክስ የመጣ እንደ ሆነ ከእናንተ እጅ ሲወጣ ምን እንደ ነበረ የሚመሰክርላችሁ ያ ብልቃጥ ነው።